ፓወር ሰፕላዩ የሚያየው የመስመር ቮልቴጅ

የኢንዱስትሪ ፓወር ሰፕላይ ከመስመር የሚመጣውን 220 ወይም 380 ቮልት ኤሲ ተቀብሎ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ዲሲ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በማሽኑ ፓነል ቦርድ ውስጥ ዲን ሬል ላይ ተሰክቶ የማሽኑን ሥራ የሚመራውን ፒኤልሲ፣ ሴንሰሮቹን፣ ሪሌዮቹንና የኦፕሬተሩን ስክሪን ይመግባል። የጥሩ ፓወር ሰፕላይ መለያው መውጫው አለመናወጡ ነው። በነጠላ ፌዝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከ85 እስከ 264 ቮልት ድረስ ስለሚቀበሉ፣ መስመሩ ወደ 180 ቢወርድም ወደ 250 ቢወጣም 24 ቮልቱ ባለበት ይጸናል። ይህ ጥንካሬ ግን ችግርንም ይሸፍናል። የመግቢያው መዋዠቅ መውጫው ላይ ስለማይታይ፣ ለወራት ሲብስበት የቆየ የመስመር ጉድለት ማሽኑ እስከሚቆምበት ደቂቃ ድረስ ማንም ሳያየው ይኖራል።

ማሽኑ ሲቆም ክርክር ይነሳል። ኦፕሬተሩ መብራቱ ድርግም ማለቱን ይናገራል፤ ኃይል አቅራቢው መስመሩ እንዳልተቋረጠ ይመልሳል፤ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ደግሞ ጥፋቱን ወደ ኃይሉ ይገፋል። አንዳቸውም በእጃቸው ማስረጃ የላቸውም። ለዚሁ ሥራ የተሠሩ የኃይል ጥራት መለኪያዎች አሉ፤ ዳሩ ግን ዋጋቸው ከባድ ስለሆነ ቢገኙ እንኳ ዋናው ፓነል ላይ አንድ ብቻ ነው የሚገኘው፤ አለዚያም ችግሩ ካለፈ በኋላ በውሰት ይመጣሉ። ፓወር ሰፕላይ ግን በየማሽኑ አለ። ሌት ተቀን መስመሩ ላይ ነው። ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ራሱን ለመቆጣጠር ሲል የመግቢያውን ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ይለካል። ቀድሞ ይህ ልኬት ለውስጥ ሥራ ውሎ እዚያው ይጠፋ ነበር፤ ዛሬ ልኬቱን አስልተው፣ አስቀምጠው፣ ለፒኤልሲው የሚልኩ ፓወር ሰፕላዮች በገበያ ላይ አሉ። ከልኬቱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል፣ የት ላይስ እንደሚያሳስት መለየት ግን የቮልቴጅ ጥራት ምን ማለት እንደሆነ ከመረዳት ይጀምራል።

አማካይ የሚደብቀው

በኢትዮጵያ የስያሜው ቮልቴጅ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 50 ሄርዝ ነው። በአውሮፓ 230 እና 400 ነው። አንድ መስመር ከስያሜው ምን ያህል ቢርቅ እንደ ጤናማ ይቆጠራል ለሚለው ጥያቄ በሰፊው የሚጠቀሰው መለኪያ ኢኤን 50160 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ነው። ደረጃው ቮልቴጁን በየ10 ደቂቃው አማካይ ይወስድና በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእነዚህ አማካዮች 95 በመቶው ከስያሜው 10 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በ220 ቮልት ሲሰላ ክልሉ ከ198 እስከ 242 ይሆናል።

ይህ መለኪያ ከሚመስለው የላላ ነው። አንድ ሳምንት 1008 የ10 ደቂቃ ክፍሎች አሉት። ከእነዚህ 5 በመቶው 50 ክፍል፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በላይ ነው። መስመሩ በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ከ198 ቮልት በታች ቢቆይ እንኳ በዚህ ነጥብ ደረጃውን አሟልቷል ሊባል ይችላል። አንድ ፈረቃ ሙሉ በተዳከመ ቮልቴጅ ለሠራ ፋብሪካ ይህ ማጽናኛ አይሆንም።

ከዚህም የሚብሰው አማካዩ ራሱ የሚውጠው ነገር ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ 30,000 ሳይክል አለ። ቮልቴጁ ለ5 ሳይክል፣ ማለትም ለ100 ሚሊሰከንድ፣ በግማሽ ቢወርድ የ10 ደቂቃው አማካይ የሚቀንሰው በአንድ ቮልት መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ምንም አይታይም። ያችው 100 ሚሊሰከንድ ግን የአንድን ጠርሙስ መሙያ መስመር ኮንታክተሮች አስለቅቃ ምርቱን መሬት ላይ ልታፈስ ትችላለች። በአይኢሲ ደረጃ መሠረት በኤሲ የሚሠራ ኮንታክተር ቮልቴጁ ከስያሜው ከ75 እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል ሲደርስ መልቀቅ ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ በግማሽ መውረድ ለብዙዎቹ የሚለቁበት ነጥብ ነው።

እንዲህ ያለው ቅጽበታዊ መውረድ ከ90 በመቶ በታች ሆኖ ከ10 ሚሊሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ የሚቆየው ነው። ዋና ምክንያቱ በሩቅ መስመር ላይ የሚከሰት ሾርት ነው፦ መብረቅ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ሁለት ሽቦ ያገናኘ ወፍ። የጥበቃ መሣሪያው ያንን መስመር እስኪቆርጥ ድረስ በዚያው ኔትወርክ ያሉት ሁሉ ቮልቴጃቸው ይወርዳል። ሌላው ምንጭ ከግቢው ውስጥ ነው። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ6 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል፤ ገመዱ ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ ጎረቤት ማሽኖች በዚያ ሰከንድ ይራባሉ።

ካፓሲተሩ የሚገዛው ጊዜ

ፓወር ሰፕላዩ የገባለትን ኤሲ መጀመሪያ በሬክቲፋየር ወደ ዲሲ ይለውጥና ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ከዚያ በኋላ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚበራና የሚጠፋ ስዊች ኃይሉን በትንሽ ትራንስፎርመር አሳልፎ 24 ቮልት ያደርገዋል። ካፓሲተሩ የሚሠራው ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ለቤቱ እንደሚሠራው ነው፤ ልዩነቱ የሚቆየው ለሰዓታት ሳይሆን ለሚሊሰከንዶች መሆኑ ነው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ መውጫው ሳይነካ የሚዘልቅበት ይህ የመቆያ ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ ጥንካሬ ሁሉ የተመሠረተበት ስለሆነ በቁጥር ማየቱ ተገቢ ነው።

240 ዋት የሚሰጥ፣ ብቃቱ 93 በመቶ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ከመስመር የሚስበው 258 ዋት ያህል ነው። ካፓሲተሩ 220 ማይክሮፋራድ፣ ቮልቴጁ 390 ቢሆንና ስዊቹ እስከ 300 ቮልት ድረስ መሥራት ቢችል፣ በ390 እና በ300 መካከል ያለው ጥቅም ላይ የሚውል ኃይል 6.8 ጁል ያህል ነው። ይህ ለ258 ሲካፈል 26 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። አንድ ሳይክል ከጥቂት ትርፍ ጋር መሆኑ ነው። የ100 ሚሊሰከንድ ሙሉ መጥፋት ይህን መሣሪያ ያጠፋዋል፤ ወደ ግማሽ የሚወርደውን ግን መግቢያው እስከ 85 ቮልት ስለሚቀበል ብዙ ጊዜ ይሻገረዋል።

የ390 ቮልቱ ጸንቶ መቆየት የፓወር ፋክተር ማስተካከያ ደረጃ ያላቸው መሣሪያዎች ጸጋ ነው። ይህ ደረጃ የሌላቸው፣ በተለይ ከ75 ዋት በታች ያሉ ትናንሾቹ፣ ካፓሲተራቸውን የሚሞሉት እስከ መስመሩ የሞገድ ጫፍ ድረስ ብቻ ነው። በ220 ቮልት ጫፉ 311 ነው፤ መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ 255 ይሆናል። ስዊቹ የሚቆመው 200 ቮልት ላይ ከሆነ፣ የሚቀረው ጥቅም ላይ የሚውል ኃይል በ220 ከነበረው 44 በመቶ ብቻ ነው። ቮልቴጁ የወረደው 18 በመቶ፣ የመቆያ ጊዜው ግን ከግማሽ በላይ ነው። የደከመ መስመር ላይ ያለ ማሽን ትንሽ ብልጭታ የሚያቆመው፣ ጠንካራ መስመር ላይ ያለ ወንድሙ ደግሞ ያንኑ ብልጭታ ሳያውቀው የሚያልፈው ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው መውረድ በራሱ ማሽን አያቆምም፤ ለቅጽበታዊው መውረድ በሩን ይከፍትለታል። ሁለቱን አብሮ የማይመዘግብ ክትትል ከምክንያቱ ግማሹን ብቻ ያያል።

ምን ይለካል፣ እንዴትስ ይለካል

የቮልቴጅ ልክ ሲባል በሞገዱ ውስጥ ያለውን ኃይል የሚገልጸው ውጤታማ ዋጋ ነው። ትክክለኛው አሠራር በሳይክሉ ውስጥ ብዙ ናሙና ወስዶ፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ፣ አማካዩን አግኝቶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። አንዳንድ ቀላል መሣሪያዎች ግን ጫፉን ብቻ ለክተው ለ1.414 ያካፍላሉ። ሞገዱ ንጹሕ ሳይን ከሆነ ሁለቱም መንገዶች እኩል መልስ ይሰጣሉ። ብዙ ኮምፒውተር፣ ኤልኢዲ መብራትና ርካሽ ቻርጀር ባለበት ሕንፃ ግን ሞገዱ ንጹሕ አይሆንም። እነዚህ ሁሉ ከረንት የሚስቡት በሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ጫፉ ይደፈጠጣል። ውጤታማ ዋጋው 220 ሆኖ ሳለ ጫፉ 311 መሆን ሲገባው 295 ሊሆን ይችላል፤ በጫፍ የሚለካው መሣሪያም 209 ብሎ ይመዘግባል። ቁጥሩ እንደ ውጤታማ ዋጋ ስህተት ነው። ካፓሲተሩን የሚሞላው ግን ጫፉ ስለሆነ፣ ማስተካከያ ደረጃ ለሌለው ፓወር ሰፕላይ ጠቃሚው መረጃ ይኸው ነው። ሁለቱንም ለይቶ የሚሰጥ መሣሪያ ሲገኝ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሃርሞኒክስ፣ ማለትም የሞገዱ መዛባት፣ ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

ባለ 3 ፌዝ ፓወር ሰፕላዮች ሌላ ነገር ያያሉ። ሦስቱ ፌዞች ተሟልተው ሲገቡ ካፓሲተሩ ላይ ያለው የቮልቴጅ ርግብታ (ሪፕል) 300 ሄርዝ ነው። አንዱ ፌዝ ፊውዙ ቢቃጠል ወይም ሽቦው ቢላላ ርግብታው ወደ 100 ሄርዝ ይወርዳል፣ መጠኑም ያድጋል። መሣሪያው በቀሪዎቹ ሁለት ፌዞች 24 ቮልቱን መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ሞተሮች ግን በሁለት ፌዝ እየሠሩ ይቃጠላሉ። ርግብታውን የሚከታተል ፓወር ሰፕላይ ሞተሩ መሽተት ሳይጀምር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ለዚህ ተግባር ብቻ እንኳ ቢገዛ ዋጋውን የሚመልስባቸው ፋብሪካዎች ጥቂት አይደሉም።

ከሁሉም አደገኛው፣ በቀላሉ ሊታወቅ የሚችለውም፣ የኒውትራል መላላት ነው። ኒውትራሉ ሲላላ በነጠላ ፌዝ የሚሠሩት ጭነቶች ቮልቴጁን እንደየክብደታቸው ይከፋፈላሉ፦ ብዙ ጭነት ያለበት ፌዝ ይወርዳል፣ ትንሽ ያለበት ይንራል። ሙሉ በሙሉ ሲበጠስ ቀላሉ ፌዝ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ በአንድ ቅጽበት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና ፍሪጅ ሁሉ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። መበጠሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይመጣም። መጋጠሚያው ለሳምንታት እየሞቀ፣ እየዛገ፣ እየላላ ይሄዳል። በሦስቱ ፌዞች ላይ ተከፋፍለው የተቀመጡ ሦስት ነጠላ ፌዝ ፓወር ሰፕላዮች ካሉ፣ በአንዱ ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ በዚያው ሰከንድ በሌሎቹ ላይ ሲወጣ ይታያል። መስመሩ በጠቅላላው ሲዳከም ሦስቱም አብረው ይወርዳሉ፤ አንዱ ወርዶ ሌላው ከወጣ ግን የጥገና ሠራተኛው ከየትኛውም ሥራ በፊት የኒውትራሉን መጋጠሚያ ሊያጠብቅ ይገባዋል።

ሰርጅ የሚባሉት ከሚሊሰከንድ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው የቮልቴጅ ምቶች ለፓወር ሰፕላይ ሙሉ ቅርጻቸው አይታይም። ማድረግ የሚችለው ከተወሰነ ገደብ በላይ የሄዱትን መቁጠር ነው። ቆጠራው ግን ዋጋ አለው፤ መግቢያው ላይ ያለው ቫሪስተር እያንዳንዱን ትልቅ ምት ሲውጥ ትንሽ ትንሽ ያረጃልና።

መረጃው ወደ ውጭ ሲወጣ

አብዛኞቹ የኢንዱስትሪ ፓወር ሰፕላዮች ዲሲ ኦኬ የምትባል አንዲት የሪሌይ ኮንታክት አላቸው። ይህች ኮንታክት የምትናገረው ስለ መውጫው ብቻ ነው፤ የምትከፈተው 24 ቮልቱ ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ፣ ማለትም ከ21.6 ቮልት፣ በታች ሲወርድ ነው። ስለ መስመሩ ጥራት የሚገኝ መረጃ ዲጂታል ግንኙነት ይፈልጋል። በአነስተኛ ወጪ የሚሠራው አይኦ ሊንክ ነው፦ ሦስት ሽቦ ያለው፣ እስከ 20 ሜትር የሚሄድ ተራ ገመድ። ከዚህ ከፍ ሲል በኢተርኔት ላይ የሚሠሩት ፕሮፊኔትና ኢተርካት አሉ፤ ለምሳሌ የሲመንስ ሲቶፕ ፒኤስዩ 8600 በፕሮፊኔት ይገናኛል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት ፒኤልሲው በየሰከንዱ የቮልቴጁን ቁጥር እንዲያነብና እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። በየሰከንዱ የሚያነብ ፕሮግራም የ40 ሚሊሰከንድ መውረድን የሚያገኘው በዕድል ብቻ ነው። መነበብ ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ራሱ በውስጡ ያስቀመጠው ከመጨረሻው ንባብ ወዲህ የታየ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ነው። ይህን የማይሰጥ መሣሪያ ለቀስታው መዋዠቅ እንጂ ለቅጽበታዊው መውረድ አይሆንም፤ ሲገዛም በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ የራሱ ሰዓት ስለሌለው ጊዜውን የሚመዘግበው ፒኤልሲው ነው። የሁሉም ፒኤልሲዎች ሰዓት ከአንድ ሰርቨር ካልተስተካከለ በሁለት ማሽኖች ላይ የታየው መውረድ አንድ ይሁን ሁለት መለየት አይቻልም።

ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ደግሞ መዝጋቢው አብሮ ይጠፋል። ከላይ የተሰላው 26 ሚሊሰከንድ ለፒኤልሲው የመጨረሻዋን ቁጥር ወደ ቋሚ ማስታወሻ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። መፍትሔው ከ24 ቮልቱ በኋላ ትንሽ ዲሲ ዩፒኤስ ወይም ካፓሲተር ያለው ማቆያ ማስገባት ነው። ጥቂት ሰከንድ ቢያቆይ በቂ ነው።

መዝገቡን ማንበብ

መዝገብ ሲኖር የመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ የሚለው ነው። በግቢው ያሉ ፓወር ሰፕላዮች ሁሉ በአንድ ሰከንድ፣ በተቀራራቢ ጥልቀት መውረድ ከመዘገቡ ምንጩ በዋናው ብሬከር ወይም ከዚያ ማዶ ነው። አንዱ ብቻ በጥልቀት ወርዶ ሌሎቹ እምብዛም ካልተነኩ ደግሞ መፈተሽ ያለበት ወደዚያ ማሽን የሚሄደው ገመድና አብሮት የሚነሳው ሞተር ነው። በኃይል ጥራት መለኪያ ሥራ አቅጣጫን ለመለየት ከረንትንም ማየት የተለመደ ነው፦ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት ከጨመረ ጥፋቱ ከመለኪያው ወዲህ፣ ከቀነሰ ከማዶ ነው ይባላል። ይህ ሕግ በፓወር ሰፕላይ ከረንት ላይ አይሠራም። ፓወር ሰፕላይ ለ24 ቮልቱ የሚያስፈልገውን ኃይል እኩል አድርጎ ስለሚስብ፣ መስመሩ በወረደ ቁጥር ምንጩ የትም ይሁን የራሱ ከረንት ይጨምራል።

የቀስታው መዋዠቅ ሲነበብ ለጥድፊያ መፍትሔ መሸነፍ ቀላል ነው። በአንድ ማሽን ላይ ቮልቴጁ ቀን 196፣ ሌሊት ጭነት ሲቀንስ 236 ሆኖ ቢገኝ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው የትራንስፎርመሩን ታፕ 5 በመቶ ከፍ ማድረግን ነው። እንዲህ ሲደረግ ቀኑ 206 ይሆናል፤ ሌሊቱ ግን 248 ደርሶ ከ242 ገደብ ያልፋል፣ መብራቶቹንና ትናንሽ መሣሪያዎቹንም ሌሊት ሌሊት ያሞቃቸዋል። ታፕ የሚያስተካክለው ሁልጊዜ ዝቅ ወይም ሁልጊዜ ከፍ ያለን መስመር ነው። በቀንና በሌሊት መካከል 40 ቮልት ልዩነት ያለበት መስመር የሚፈልገው የወፈረ ገመድ፣ የጭነት ድልድል ወይም ራሱን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ነው። ይህን ለመወሰን የሁለት ሳምንት መዝገብ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ በመልቲሜትር የተወሰደ ልኬት ግን አይበቃም።

ፓወር ሰፕላዩ በኃይል ጥራት መለኪያ ምትክ አይቆምም። አይኢሲ 61000-4-30 ለኤ ክፍል መለኪያ የሚፈቅደው ስህተት 0.1 በመቶ ሲሆን፣ ልኬቱ በ50 ሄርዝ በየ10 ሳይክሉ ተከፋፍሎ ከዓለም አቀፍ ሰዓት ጋር እንዲጣጣም ይጠይቃል። የፓወር ሰፕላይ ልኬት ከዚህ የሰፋ ስህተት አለው፤ የሚለካውም ገመዱ የራሱን ድርሻ ከቀነሰ በኋላ፣ ማሽኑ ጋ ነው። በሁለት ፌዝ መካከል የተገናኘ ከሆነ ደግሞ የኒውትራልን ችግር ጨርሶ አያየውም። ከኃይል አቅራቢው ጋር በሚደረግ ክርክር ተቀባይነት ያለው በዋናው መግቢያ ላይ የሚተከለው የኤ ክፍል መለኪያ ነው። የፓወር ሰፕላዮቹ መዝገብ የሚያግዘው ያ ውድ መለኪያ በየትኛው ወቅት፣ በየትኛው መግቢያ ላይ እንደሚተከልና በየትኛው ሰዓትና ፌዝ ላይ ትኩረት እንደሚደረግ በማመልከት ነው። ኢኤን 50160 የሚቆጥረው በሳምንት ስለሆነ፣ የተከራዩት መለኪያ ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀናት፣ የእረፍት ቀናትም ሳይዘለሉ፣ ከመስመሩ ሳይነቀል መቆየት አለበት።